ከሃያኛው ፊደል በኋላ

የሺ ሰው ማመን የሚሆንላት ሴት አልነበረችም። ክፉ ሆና አይደለም። ቡታጅራ ውስጥ በ«ጤና ደጅ» ክሊኒክ ካርድ ክፍል ሃያ ሦስት ዓመት ስትቀመጥ፣ ዕድሜውን የሚቀንሰውን፣ በወንድሙ ካርድ የሚታከመውን፣ ከባሏ ተደብቃ በሌላ ስም የምትመረመረውን ሁሉ በዚያች መስኮት በኩል አይታለች። «ሰው የሚያለቅሰው ሐኪሙ ፊት ነው፤ የሚዋሸው እኔ ጋ ነው» ትል ነበር።

ባለፈው መስከረም ክሊኒኩ የወረቀት ካርድ ትቶ ወደ ኮምፒውተር ገባ። ፕሮግራሙን የሠራው አቤኔዘር የሚባል ወጣት ነው፤ አባቱ ወልቂጤ ላይ የብረት በርና መስኮት ይሠራሉ፣ እሱ ደግሞ ከወርክሾፑ ጎን ባለች ጠባብ ክፍል ኮምፒውተር ይጠግናል፣ ፕሮግራም ይሠራል። ሁለት ቀን አሠልጥኗቸው ሄደ። የሺ መጀመሪያ ማሽኑን ፈርታው ነበር፤ ጥቅምት ላይ ግን ለመደችው። አጻጻፏን ብቻ አልለወጠችም። ገብረማርያምን «ገ/ማርያም»፣ ወልደሚካኤልን «ወ/ሚካኤል» ብላ ነው የምትጽፈው። አብራት የምትሠራው ኑኃሚንም ሥራውን የተማረችው ከእሷ ስለሆነ እንደዚያው ትጽፋለች።

ኅዳር ላይ ሦስተኛ ሰው ተቀጠረ፤ ሙዝደሊፋ። የከተማው ልጅ ነው፤ እናቱን ሳሌሃን በርበሬ ተራ ላይ የማያውቅ የለም። በጤና መረጃ ተመርቆ ሁለት ዓመት ሥራ ፍለጋ ተንከራቷል። ታዲያ ሥራ ሲይዝ ጥንቃቄው ለጉድ ሆነ። በሽተኛው መስኮቱ ጋ ሲደርስ «የአያት ስም ሙሉውን ይንገሩኝ» ይላል። ይጽፋል። መልሶ ያነብላቸዋል። ሰልፉ ሁልጊዜ በእሱ በኩል ይረዝም ነበር፤ የሺ በልቧ «ይሄ ልጅ ምን ይቆፍራል?» ትል ጀመር።

ጥር በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ሰብለ የምትባል መምህርት ሰልፉን ጥሳ መጣችና አንድ የሪፈር ወረቀት ከየሺ ፊት አኖረች።

«እስቲ ያንብቡልኝ።»

የሺ መነጽሯን አድርጋ አነበበች። «ወለተማርያም ኃይለጊዮርጊስ ገብረክር...»

«ገብረክር ማን ነው?» አለች ሰብለ። «የእናቴ አያት ገብረክርስቶስ ናቸው። አዲስ አበባ ድረስ ወስጃት፣ ወረቀቱና መታወቂያዋ አይገጥምም ተብላ ቀኑን ሙሉ አግዳሚ ወንበር ላይ ውላ ተመለሰች። የሰባ ሁለት ዓመት ሴት! ክርስቶስን ከስሟ ማን ነው የቆረጠው?»

የሺ ይቅርታ ጠይቃ፣ የጎደለውን በእስክሪብቶ ሞልታ፣ ማኅተም አድርጋ ሰጠቻት። ሰብለ ከሄደች በኋላ ግን የሴትየዋን ካርድ ኮምፒውተሩ ላይ ከፈተች። ከታች በኩል ማን እንደመዘገበና ማን እንዳስተካከለ ይጽፋል። የመዘገበው ሙዝደሊፋ ነው። ያስተካከለውም ሙዝደሊፋ። ሦስት ጊዜ። ሦስቱም ጊዜ ከስድስት ሰዓት ተኩል በኋላ፣ ሌላው ሰው ምሳ በወጣበት።

አንድ ሰው የአንዲትን አሮጊት ስም ሦስት ጊዜ የሚነካካው ለምንድን ነው?

ያን ቀን ምሳ አልወጣችም። የቆዩ ካርዶችን አንድ በአንድ እያየች «ገብረመስቀል ወልደሚካኤል ተክለማርያ» የሚል አገኘች። «አመተማርያም ወልደጊዮርጊስ ኃይለሚካ» የሚል አገኘች። እስከ ማታ ሰባት ደረሱ። ሰባቱም በሙዝደሊፋ እጅ የተመዘገቡ፣ ብዙዎቹም እሱው ደጋግሞ የነካካቸው ናቸው። በእሷና በኑኃሚን እጅ ከተጻፉት ግን አንድም የተቆረጠ የለም። የተቆረጡትን ስሞች አስተዋለች፦ ማርያም፣ ሚካኤል፣ ክርስቶስ። ካየቻቸው ካርዶች ሌላ ስም የተነካበት የለም።

ልጁ ሆን ብሎ የክርስቲያን ስም ይቆርጣል የሚለው ሐሳብ ሲመጣባት የሺን ደስ አላላትም። አባቷ ከደብረ ማርቆስ በመምህርነት ተመድበው መጥተው እዚሁ የቀሩ ሰው ናቸው፤ ሲሞቱ ቃሬዛቸውን ከተሸከሙት ውስጥ ግማሾቹ እስላም ጎረቤቶቻቸው ነበሩ። ይህንን አስታወሰች። አስታውሳም ሐሳቡን አልተወችውም። ጥርጣሬ እንዲህ ነው፤ ውለታ ስታሳየው ፊቱን አዙሮ ይጠብቅሃል።

ከዚያ ወዲያ ሙዝደሊፋን በዓይኗ ትከተለው ጀመር። ምሳ ሰዓት ሁሉም ሲወጣ እሱ ይቀራል። ቁልፎቹን ይነካካል፣ ስክሪኑን ያያል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ ከመሳቢያው አንድ ሰማያዊ ደብተር አውጥቶ ይጽፋል። እሷ ስትገባ ይዘጋዋል።

«ምን ትጽፋለህ?» አለችው አንድ ቀን።

«ምንም አይደል፣ እትዬ የሺ። ለራሴ ነው።»

ሐሙስ ዕለት የቀትር ሶላቱን ሊሰግድ ሲወጣ መሳቢያውን ከፈተች። በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ስሞች ተደርድረዋል፤ ሙሉ ስሞች። የእያንዳንዱ መጨረሻ በቀይ ቀለም ተሰምሮበታል፤ ከገብረክርስቶስ ላይ «ስቶስ»፣ ከኃይለሚካኤል ላይ «ኤል»። ሁለተኛውን ገጽ ሳትገልጥ ደብተሩን መለሰችና በቀጥታ ወደ ክሊኒኩ ባለቤት ወደ ዶክተር ካሳሁን ሄደች።

ዶክተሩ እሷ ጽፋ ያመጣችውን የተቆረጡ ስሞች ዝርዝር ሁለት ጊዜ አነበቡት። «ጠይቀሽዋል?»

«ሌባ ሰረቅህ ወይ ተብሎ ይጠየቃል፣ ዶክተር?»

«እኛ እንጠይቀዋለን» አሉና አስጠሩት።

ሙዝደሊፋ ገብቶ ቆመ። ዶክተሩ ወረቀቱን ሲያሳዩት ፊቱ ላይ መጀመሪያ የታየው ፍርሃት ሳይሆን እፎይታ ይመስል ነበር፤ የሺ ይህን ያስተዋለችው በኋላ፣ ነገሩ ሁሉ ካለፈ ወዲያ ነው።

«ስሞቹ ራሳቸው ናቸው የሚቆረጡት፣ ዶክተር። ሙሉውን ጽፌ አስቀምጣለሁ፤ መልሼ ስከፍተው ጎድሎ አገኘዋለሁ። ስንት ጊዜ ሞከርኩ።»

«ራሳቸው?» አለች የሺ። «የኔና የኑኃሚን ስሞችስ ለምን አይቆረጡም?»

«አላውቅም» አለ። ዶክተሩ በለሆሳስ «ታዲያ ለምን አልተናገርክም?» አሉት።

«የሙከራ ጊዜዬ አላለቀም። ማሽን አይችልም እንዳልባል ፈራሁ።» ከዚያ ወደ የሺ ዞረ። «መሳቢያዬን ከፍተዋል?»

«መሳቢያው የክሊኒኩ ነው» አለችው።

ፕሮግራሙን የሠራው ሰው መጥቶ እስኪያየው ድረስ ቤትህ ቆይ ተባለ። እቃውን በአንዲት ላስቲክ ይዞ ወጣ። አቤኔዘር ግን አረቅጥ ከተማ ለአንድ ትምህርት ቤት ሥራ ይዞ ነበርና «በሚቀጥለው ሳምንት» እያለ ሦስት ሳምንት አለፈ።

በእነዚህ ሦስት ሳምንታት የሺ በየማታው የዕለቱን ስሞች ትፈትሽ ነበር። አንድም ስም አልተቆረጠም። አንድም! ከዚህ ወዲያ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል? ለአንዲት የዕድር ጓደኛዋ ብቻ ነገረቻት፤ «ካንቺ አይለፍ» ብላ። ጓደኛዋም ለአንድ ሰው ብቻ ነገረች። በሳምንቱ ወሬው ገበያ ወርዶ፣ የሳሌሃ ልጅ የማርያምን ስም ከክርስቲያን ካርድ ላይ ይፍቃል ተባለ። ከሳሌሃ በርበሬ የሚገዙ አንዳንድ ሴቶች መንገድ ቀየሩ። በሌላው ወገን ደግሞ ልጁን በሃይማኖቱ ነው ያባረሩት የሚል ተነሣ። የሺ ይህን ብትሰማም፣ እውነት ይዣለሁ ብላ አላስተባበለችም።

የካቲት ውስጥ ሰብለ ተመልሳ መጣች። የእስክሪብቶ እርማት አንቀበልም ተብላ ነበር፤ በኮምፒውተር የታተመ ያስፈልጋታል። ጊዜው ምሳ ሰዓት ነው፤ ኑኃሚን ወጥታለች። የሺ ብቻዋን ነበረች።

«እኔው ራሴ ኮምፒውተሩ ላይ እጽፈዋለሁ» አለቻት። «እንዳያንገላቱሽ እንደ መታወቂያው አንድም ሳላሳጥር።»

ካርዱን ከፍታ ስሙን ሙሉውን ጻፈች፦ ወለተማርያም ኃይለጊዮርጊስ ገብረክርስቶስ። አስቀመጠችው። ልታትም መልሳ ስትከፍተው «ገብረክር» ይላል።

ዓይኗን ጠረገች። እንደገና ጻፈች፤ አሁን ፊደሎቹን በጣቷ እየቆጠረች። አስቀመጠች፣ ዘጋች፣ ከፈተች። ገብረክር።

«ምን ሆኑ?» አለች ሰብለ በመስኮቱ በኩል።

የሺ ዞር ብላ ከኋላዋ አየች። ማንም የለም። የሙዝደሊፋ ወንበር ጠረጴዛው ስር ገብቷል። መጀመሪያ የመጣላት ሐሳብ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ጸጸት አልነበረም። «ውስጡ አንድ ነገር ትቶበት ሄዷል» የሚል ነበር። ሰብለን «ሲስተካከል እደውልልሻለሁ» ብላ ሸኘቻትና ወዲያው ስልክ አንሥታ አቤኔዘርን «ነገ ካልመጣህ እኔ ወልቂጤ መጥቼ አባትህ ፊት እቆማለሁ» አለችው።

በማግስቱ ከሚኒባስ ወርዶ ቀጥታ መጣ። ዶክተር ካሳሁንም ወንበር ስበው አጠገቡ ተቀመጡ። አቤኔዘር የመጀመሪያዎቹን ካርዶች እያሳለፈ ሳለ ድንገት ቆመ።

«ይሄ ምንድን ነው? ገ/ማርያም?»

«የኔ ነው» አለች የሺ። «ገብረማርያም ማለት ነው።»

«እሱማ ገብቶኛል። እንዴት አለፈ? እዝባር ያለበት ስም እንዳይቀበል አድርጌ ነው የሠራሁት። ስም ሲያጥር ሰው ስለሚምታታ ከልክዬ ነበር። “ሙሉውን ይጻፉ” ብሎ መመለስ ነበረበት።»

«አምስት ወር ሙሉ ስጽፍ አንድ ቀን ትንፍሽ አላለም።»

አቤኔዘር እጁን ከቁልፎቹ ላይ አነሣ። ጆሮው ሲቀላ ዶክተሩም የሺም አዩት። ከፕሮግራሙ ጀርባ ያለውን፣ መረጃው ሁሉ የሚከማችበትን ዳታቤዝ ከፍቶ ሲፈልግ ቆየ።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለ።

«አስረዳን» አሉ ዶክተሩ። «በሚገባን ቋንቋ።»

«ዳታቤዝ እያንዳንዱ ነገር ምን ዓይነት እንደሆነ አስቀድሞ ማወቅ ይፈልጋል፤ ቁጥር ነው፣ ቀን ነው፣ ጽሑፍ ነው። አብረውት የተፈጠሩ ዓይነቶች አሉት፤ እኛም የራሳችንን መጨመር እንችላለን። እኔ ለሰው ስም የሚሆን አንድ ዓይነት ፈጠርኩ፤ ርዝመት የማይገድብ፣ እዝባር የማይቀበል። መጠሪያውን “ኔም” አልኩት፤ በእንግሊዝኛ ስም ማለት ነው። ዳታቤዙ ግን ዱሮውኑ ኔም የሚባል የራሱ ዓይነት ነበረው።»

«ታዲያ ሁለት አንድ ዓይነት መጠሪያ ሲያይ አይጮህም?» አሉ ዶክተሩ።

«አይጮህም። ዳታቤዙ እንደ ካርድ መደርደሪያ በክፍል በክፍል የተከፈለ ነው፤ የኔ በኔ ክፍል፣ የእሱ በእሱ ክፍል ስለተቀመጡ ሁለቱም ይኖራሉ። ጣጣው ሲጠሩ ነው። የየትኛው ክፍል እንደሆነ ሳይነገረው ኔም ከተባለ፣ መጀመሪያ የሚፈልገው በራሱ ክፍል ነው። እዚያ ካገኘ የኔን ዞር ብሎም አያይ። እኔ ደግሞ ክፍሉን አልጠቀስኩም። የኔ ዓይነት እስከዛሬ አንድም ቀን አልሠራም፤ ተፈጥሮ ተቀምጧል እንጂ።»

«የእሱስ ለምን ይቆርጣል?» አለች የሺ።

«የእሱ ለሰው ስም የተሠራ አይደለም። ለውስጥ ጉዳዩ፣ ለሠንጠረዦቹ መጠሪያ ነው። ባይት የሚሉት የማሽኑ የቦታ መስፈሪያ ነው፤ እሱ ስልሳ ሦስት ባይት ብቻ ይይዛል፣ ከዚያ ያለፈውን ዝም ብሎ ይቆርጣል። የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ባይት ነው የሚወስደው። የኛ ፊደል ሦስት። በሦስት ስም መካከል ያሉት ክፍተቶች ሲቀነሱ ሃያ ፊደል ይቀራል። ሃያ አንደኛው የለም።»

የሺ ጣቶቿን እያጠፈች ቆጠረች፤ ወለተማርያም ሰባት፣ ኃይለጊዮርጊስ ስምንት፣ ገብረክር አምስት፤ ሃያ። የእሷና የኑኃሚን ስሞች ያልተቆረጡት ስላሳጠሩ ነው። የእሱ የተቆረጡት አንድም ሳያጎድል ስለጻፈ ነው። እሱ ቤቱ ሲቀመጥ መቆረጡ የቆመውም በዚሁ ምክንያት ነው።

«ይስተካከላል?» አሉ ዶክተሩ።

«የራሱን ክፍል መጨረሻ ላይ እንዲያይ የፍለጋውን ተራ ማዛወር ይቻላል፤ ግን ሌላ ነገር ያበላሻል፣ አልነካውም። የኔን መጠሪያ እለውጠዋለሁ፤ ሲጠራም ክፍሉን አብሬ እጽፋለሁ። የተቆረጠው ግን አይመለስም። የትም አልተቀመጠም።»

ማታ ላይ የሺ ወደ ሳሌሃ ቤት ሄደች። ሳሌሃ ደጃፏ ላይ ዛላ በርበሬ ትለቅም ነበር፤ ቀና ብላ አየቻት እንጂ ግቢ አላለቻትም። ሁለቱ ከሃያ ዓመት በላይ ይተዋወቃሉ።

«ሰላም ዋልሽ፣ ሳሌሃ።»

«አልሐምዱሊላህ። አሁን ደግሞ የማንን ስም ቆረጠ?»

የሺ የመጣችበትን ቆማ ተናገረች። አላድበሰበሰችም፤ ማሽኑ ነው፣ ልጅሽ ንጹሕ ነው፣ እኔ ነኝ የጠረጠርኩት፣ ይቅር በሉኝ አለች። ሙዝደሊፋ ከውስጥ ሰምቶ ወጣ። ለይቅርታው መልስ ከመስጠቱ በፊት የጠየቀው ሌላ ነው።

«ስንት ፊደል ነው የሚይዘው?»

«ሃያ ነው አለ፣ አቤኔዘር።»

«ሃያ!» አለ፤ ለአፍታ ፊቱ በራ። «ቆጥሬው ነበር። ክፍተቱን አብሬ ስቆጥር ተምታታብኝ እንጂ ሃያ ላይ እንደሚቆም ደርሼበት ነበር።» ደብተሩን አምጥቶ ሁለተኛውን ገጽ ገለጠላት። «አብዱልሐኪም አብዱረህማን አብዱልመጂድ» ይላል፤ የመጨረሻዋ «ድ» በቀይ ተሰምሮባታል። «ይሄን አላዩትም?»

«አንዱን ገጽ ብቻ ነው ያየሁት» አለች የሺ።

ሙዝደሊፋ ደብተሩን ዘጋ። ብርሃኑ ከፊቱ ላይ ጠፍቷል። «ዶክተር ከጠሩኝ ወደ ሥራው እመለሳለሁ። ሥራ ያስፈልገኛል።»

«ቆይ፣ ልጄ» አለች ሳሌሃ። «ስሚኝ፣ የሺ። አንቺ እኔ ደጅ ላይ ነው ይቅርታ የምትጠይቂው። ወሬው ያለው ገበያ ነው። ያወራሽበት ቦታ ሄደሽ አውሪው።»

እሑድ የዕድር ስብሰባ ነበረ። የዕድሩ ጉዳይ ሁሉ ተነግሮ ሊበተኑ ሲሉ የሺ እጇን አወጣች። ተነሥታ የወንበሩን ጀርባ ያዘች። የሳሌሃ ልጅ ስም አልፋቀም አለች፤ ይህን ወሬ ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ ሐሰት ነው አለች። ስለ ባይትና ስለ ክፍል ልታስረዳ ሞከረች፤ ግማሹ አልገባውም። አንድ ሽማግሌ «ታዲያ ኮምፒውተሩን ማን አዘዘው?» ብለው ጠየቁ። ያቺ ጓደኛዋ መሬት መሬት ታያለች። ከኋላ አንዲት ሴት «አስፈራርተዋት ነው እኮ» ስትል የሺ ሰማቻት። ለእሷም ዞራ መልስ ሰጠቻት፤ ሴትየዋ ግን ያመነች አትመስልም ነበር።

ሙዝደሊፋ ሰኞ ሥራ ገባ። ከየሺ ጋር ስለ ሥራ ብቻ ይነጋገራል፤ ሌላ ጨዋታ የለም። እሷም አልገፋችውም። ሲቆጠሩ የተቆረጡት ስሞች ሠላሳ አንድ ሆኑ። አሥራ አራቱ በደብተሩ ላይ ሙሉ ተጽፈው ተገኙ። የቀሩት አሥራ ሰባቱ ነገሩን ከማስተዋሉ በፊት የተመዘገቡ ስለሆኑ፣ እየደወሉ ከመጠየቅ ሌላ መንገድ አልነበረም። ስልኮቹን ለሁለት ተካፈሉ።

አራተኛው ላይ የሺ፣ ወልደማርያም ወደሚባሉ አንድ የቸሃ ጉራጌ ሽማግሌ ደወለች።

«ከክሊኒክ ነው፣ አባቴ። የአያትዎን ሙሉ ስም ፈልገን ነበር።»

«አያቴ ከሞተ አርባ ዓመቱ ነው። ምን ልታደርጉት ነው?»

«ካርድዎ ላይ ጎድሎ ነው።»

«እኔ አላጎደልኩም። ማን አጎደለው?»

«ኮምፒውተሩ ነው።»

«ኮምፒውተሩ!» አሉ ሰውየው። «ከዚህ ነገር ጀርባ የመሬት ክርክር አለ። የአያቴን ስም በስልክ አልሰጥም።»

ሙዝደሊፋ ከወዲያ በኩል ሲሰማ ቆይቶ እጁን ዘረጋ። ስልኩን ሰጠችው። በጉራጊኛ ረጅም ሰዓት አነጋገራቸው፤ ሁለት ጊዜ ሳቀ፣ አንድ ጊዜ ቆጣ አለ። ስልኩን ሲዘጋ «ነገ ራሳቸው ይመጣሉ» አለ።

በማግስቱ ሽማግሌውን ከማንም በፊት ከመስኮቱ ፊት ቆመው አገኟቸው፤ መታወቂያቸውን በላስቲክ ጠቅልለው ይዘዋል። ሙዝደሊፋ ሲጽፍ አንገታቸውን አስገብተው ፊደል በፊደል ተከታተሉት።

«አሁን ዝጋው» አሉ።

ዘጋው።

«ክፈተው።»

ከፈተው። አንድም ፊደል አልጎደለም። ሽማግሌው መነጽራቸውን አውልቀው አጸዱ፣ መልሰው አደረጉ፣ እንደገና አነበቡ። ከዚያ ከሙዝደሊፋ አልፈው የሺን ተመለከቷት።

«ማክሰኞ ለገበያ ስመጣ ደግሜ አየዋለሁ» አሉ።

«ይምጡ» አለች የሺ።